የዋልታ በረዶ ቀለጠ ስትሉን እንዴት እንደታወቀም ንገሩን

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ጋዜጣችሁን ዘወትር አነባለሁ፤ ዛሬ ግን ልወቅሳችሁ ነው የጻፍኩት። ወቀሳው ለእናንተ ብቻ አይደለም፣ ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ያው ነው። ስለ ዋልታ በረዶ ዜና በመጣ ቁጥር የምናየው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ቁራጭ በረዶ ላይ የቆመ ከሲታ ነጭ ድብ፣ ከሥሩ «በረዶው እየቀለጠ ነው፣ ባህሩ ከፍ ይላል» የሚል ሁለት መስመር፣ አለቀ። ማን ለካው? በምን ለካው? የቱ በረዶ ነው? ዝም። አንዴ እንዲያውም ስለ አንታርክቲካ በተጻፈ ዜና ላይ ያው ድብ ተለጥፎ አይቻለሁ። ነጭ ድብ ደቡብ ዋልታ የለም እኮ! እዚያ ያለው ፔንግዊን ነው።

ምን አሳሰበህ ትሉኝ ይሆናል። የሚያሳስበኝ እናንተ ባዶ የተዋችሁትን ቦታ ሌላ ሰው ስለሚሞላው ነው። አስተማሪ ነኝ፣ ፊዚክስ። ሰሞኑን ተማሪዎቼ በቴሌግራም የሚዘዋወር ጽሑፍ አሳዩኝ። «የአንታርክቲካ በረዶ እየጨመረ ነው፣ ሳይንቲስቶቹ ዋሽተውናል» ይላል። የሚገርመው፣ ጽሑፉ የተነሳበት መረጃ ውሸት አይደለም። እመጣበታለሁ፤ መጀመሪያ ግን ድቡን ከባህሩ ከፍታ እንለየው።

በረዶው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የባህር በረዶ ነው። የአርክቲክ ውቅያኖስ ውሃ በክረምት ብርድ ከላይ ይረጋል፣ ውፍረቱ አንድ ሁለት ሜትር፣ ቢበዛ ጥቂት ሜትር ነው፣ በበጋ ብዙው ይቀልጣል። ድቡ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ይህ በረዶ ድሮም ውሃው ላይ ተንሳፋፊ ስለሆነ ቢቀልጥም ባህሩን ከፍ አያደርገውም ማለት ይቻላል። ካላመናችሁ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በረዶ ጨምሩና ከፍታውን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት፤ ቀልጦ ሲያልቅም ውሃው ያው ምልክቱ ላይ ነው። አርኪሜዲስ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የጨረሰው ጉዳይ ነው።

ሌላው የየብስ በረዶ ነው። ይሄኛው በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት የወረደ በረዶ እየተደራረበ፣ የታችኛው በላይኛው ክብደት እየተጠቀጠቀ የተሠራ ነው። አንታርክቲካ ላይ ውፍረቱ በአማካይ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ከ4 ኪሎ ሜትር ተኩል ያልፋል። ዝም ብሎም አይቀመጥም፤ ምጣድ ላይ እንደፈሰሰ ሊጥ በራሱ ክብደት ከመሃል ወደ ዳር ይሰፋል፣ ዳር ሲደርስም እየተሰበረ ባህር ውስጥ ይገባል። ባህሩን ከፍ የሚያደርገው ይሄ ነው። የግሪንላንዱ ሁሉ ቢቀልጥ ባህሩ 7 ሜትር ገደማ፣ የአንታርክቲካው ሁሉ ቢቀልጥ ደግሞ 58 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ይህ ነገ ይሆናል የሚል ሳይንቲስት የለም፣ እንዲህ ያለው ነገር ሺህ ዓመታት ይፈጃል። ከዚያ ውስጥ አንዲት ሜትር ብቻ ብትመጣ ግን በዓለም ላይ ስንት የወደብ ከተማ እንደሚቸገር እናንተው ገምቱ።

የባህሩ በረዶ ታዲያ ቢጠፋ ባይጠፋ ለውጥ የለውም ወይ? ኧረ አለው! ነጭ ስለሆነ የፀሐይን ብርሃን ወደ ላይ ይመልሳል፣ እሱ ሲጠፋ ጥቁሩ ውሃ ሙቀቱን ይመጠዋል፣ ያ ደግሞ ሌላ በረዶ ያቀልጣል። አርክቲክ ከተቀረው ዓለም ይልቅ እጅግ ፈጥኖ እየሞቀ ያለበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ልክ ነው፣ ጉዳት አለው። ግን ሌላ ዓይነት ጉዳት ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ አትፍጩብን።

አሁን ወደ ቴሌግራሙ። ከ2021 እስከ 2023 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) አንታርክቲካ በእርግጥም ክብደቷ ጨምሯል። ግን ይህን ለዓለም የነገረው ማን ነው? ዋሹ የተባሉት ሳይንቲስቶች ራሳቸው ናቸዋ! የቴሌግራሙ ጸሐፊ ሚዛን ይዞ ደቡብ ዋልታ አልወረደም። ቁጥሩን ያገኘው ከእነሱ ነው፣ ያንኑ ቁጥር ይዞ ነው የሚሰድባቸው።

አህጉር እንዴት ይመዘናል ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በክፍል ውስጥ እንደዚህ የምወደው ርዕስ የለም። ግሬስ የሚባሉ ሁለት ሳተላይቶች ነበሩ፣ የናሳና የጀርመኖች የጋራ ሥራ። በ2002 ተወነጨፉ፣ እስከ 2017 ሠሩ፣ በ2018 ተተኪዎቻቸው ወጡ። ሁለቱ በአንድ መስመር ተከታትለው ምድርን ይዞራሉ፣ በመካከላቸው 220 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ፊተኛው ብዙ ክብደት ወዳለበት ቦታ ሲጠጋ ስበቱ ሳብ ያደርገውና ከኋለኛው ይርቃል። ኋለኛው በተራው ሲደርስ እሱም ይሳብና ርቀቱ መልሶ ይጠባል። ሳተላይቶቹ ምድርን አያዩም፣ ፎቶም አያነሱም፤ የሚሠሩት ሥራ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በማይክሮዌቭ ያለማቋረጥ መለካት ነው፣ ያውም በጥቂት ማይክሮን ልክ፣ ማለትም ሚሊሜትርን ለብዙ መቶ ቦታ ከፋፍሎ። ከዚያ የርቀት ውዝዋዜ የምድር ስበት ካርታ በየወሩ ይሠራል። ያለፈው ወር ካርታ ከዚህ ወሩ ሲነጻጸር የት ቦታ ክብደት እንደቀነሰ፣ የት እንደጨመረ ይታያል። እስቲ አስቡት፣ 220 ኪሎ ሜትር ተራርቀው በሚበሩ ሁለት ዕቃዎች መካከል ያለች የማይክሮን ልዩነት ግሪንላንድ ስንት ቢሊዮን ቶን እንደከሳች ትናገራለች። ይሄ አይገርምም?

ታዲያ አንታርክቲካ በእነዚያ ዓመታት ለምን ወፈረች? በረዶ በብዛት ስለወረደባት ነው። ሞቃት አየር ከቀዝቃዛው የበለጠ እርጥበት ይሸከማል። በማርች 2022 ከውቅያኖሱ የተነሳ ሞቃትና እርጥብ አየር እስከ አህጉሩ መሃል ዘልቆ ገባ፣ ኮንኮርዲያ በሚባለው የፈረንሳይና የጣሊያን ጣቢያ ሙቀቱ ከወቅቱ አማካይ በ38 ዲግሪ ገደማ በልጦ ተገኘ። በልጦም እንኳ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ገደማ ነበር፣ ስለዚህ የመጣው እርጥበት በረዶ ሆኖ ወረደ እንጂ አላቀለጠም። ማለት፣ የቴሌግራሙ ጸሐፊ «አልሞቀም» ለማለት የተጠቀመበት ጭማሪ ራሱ ከሙቀት ጋር የተያያዘ ነው። ይህን የሚያብራራ አንድ ዓረፍተ ነገር በዜናችሁ ላይ ቢኖር ተማሪዎቼ በዚያ ጽሑፍ ባልተታለሉ ነበር።

ምዘናው ከተጀመረበት ከ2002 ወዲህ በጠቅላላው ሲታይ ደግሞ መስመሩ ወደ ታች ነው። ግሪንላንድ በአማካይ በዓመት ከ260 ቢሊዮን ቶን በላይ፣ አንታርክቲካ ከ130 ቢሊዮን ቶን በላይ ያጣሉ። ቢሊዮን ቶን ሲባል ሰው ግር ይለዋል። ወርዱም ቁመቱም ጥልቀቱም 1 ኪሎ ሜትር የሆነ ገንዳ ሙሉ ውሃ ማለት ነው። እንዲህ ያሉ 360 ገንዳዎች ውቅያኖስ ላይ ሲደፉ ባህሩ በ1 ሚሊሜትር ከፍ ይላል። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ላይ በዓመት ከ1 ሚሊሜትር ትንሽ በለጥ ያለ ይጨምራሉ ማለት ነው፤ ተራራ ላይ ያሉ የበረዶ ግግሮችና ውሃው ራሱ ሲሞቅ መስፋቱ ሳይቆጠር። ትንሽ ናት? አዎ፣ ትንሽ ናት። ግን በየዓመቱ ትመጣለች፣ ከድሮውም እየፈጠነች ነው።

እውነቱን ለመናገር ሚዛኑም ችግር አለበት፣ እሱንም ብትጽፉልን ደስ ይለኛል። ስበት በረዶን ከድንጋይ አይለይም። ከ20,000 ዓመት በፊት በረዶው አሁን ካለው እጅግ የከበደ ነበር፣ ክብደቱ የምድርን ቅርፊት ወደ ታች ደፍጥጦት ነበር፣ ሸክሙ ከቀለለለት በኋላ መሬቱ እስከ ዛሬ ቀስ እያለ ወደ ላይ እየተመለሰ ነው። ሳተላይቶቹ ከሥር የሚመጣውን አለትም አብረው ይመዝኑታል። ስለዚህ እሱ ተሰልቶ መቀነስ አለበት፣ አንታርክቲካ ላይ ደግሞ ስሌቱ ከባድ ነው። ለዚህ ነው በአንድ መሣሪያ ብቻ የማይታመነው። አይስሳት-2 የሚባለው የናሳ ሳተላይት አረንጓዴ ሌዘር በሰከንድ 10,000 ጊዜ ወደ ታች እየተኮሰ የበረዶውን ከፍታ ይለካል፣ የአውሮፓውያኑ ክራዮሳት-2 ያንኑ በራዳር ያደርጋል። ሌሎች ደግሞ በየዓመቱ የወረደውን በረዶ አስልተው ወደ ባህር ከፈሰሰው ያቀናንሳሉ። ሦስቱ መንገዶች ስህተታቸው የተለያየ ነው። ስህተታቸው የተለያየ ሆኖ ሳለ ወደ ተቀራራቢ ቁጥር ሲመጡ ነው ነገሩ የሚታመነው፤ ለተማሪ ይሄን ማስረዳት አሥር የድብ ፎቶ ከማሳየት ይበልጣል።

እስከ አሁን ያልኩት ስለ ዛሬው በረዶ ነው። የድሮው እንዴት ይታወቃል? ይሄኛው ታሪክ የሚጀምረው ከቢራ ጠርሙስ ነው። ዊሊ ዳንስጋርድ የሚባል ዴንማርካዊ በ1952 ኮፐንሃገን ቤቱ ግቢ ውስጥ ባዶ የቢራ ጠርሙስ አቁሞ የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ጀመረ። ውሃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሁሉ እኩል አይመዝንም። ተራው ኦክስጅን 16 ነው፣ ጥቂት ከባድ ኦክስጅን 18 ደግሞ ይገኝበታል። ደመና እየቀዘቀዘ ሲሄድ ከባዱን የያዘው ውሃ ቀድሞ ይወርዳል፤ ስለዚህ ብርዱ በበረታ ቁጥር ዋልታ ላይ በሚወርደው በረዶ ውስጥ ከባዱ ያንሳል። ሰውዬው ታዲያ ይህን ካየ በኋላ «ግሪንላንድ ላይ በሺህ ዓመታት የተደራረበ የድሮ ዝናብ አለልን አይደል?» ወደሚለው ሐሳብ መጣ። የድሮውን ቴርሞሜትር በረዶው ውስጥ አገኘው ማለት ነው።

ቁፋሮውን ያመጡት ደግሞ ወታደሮች ናቸው። አሜሪካኖች በ1959 ግሪንላንድ ላይ በበረዶው ውስጥ ዋሻ ቆፍረው ካምፕ ሴንቸሪ የሚባል የጦር ሰፈር መሥራት ጀምረው ነበር፣ የኒውክሌር ማመንጫ ሳይቀር ያለው፣ ከጀርባውም ሚሳይል በበረዶ ሥር የመደበቅ ምስጢራዊ ውጥን የነበረበት። በረዶው እየተንቀሳቀሰ ዋሻውን ጨፈለቀባቸው፣ ጥለው ወጡ። የቀረው ቁም ነገር ሌላ ነበር፦ በ1966 መሰርሰሪያቸው 1,387 ሜትር ወርዶ መሬት ነካ፣ ከላይ እስከ ታች የወጣውን የበረዶ ዘንግ ዳንስጋርድ መረመረው። ከሥሩ የወጣው አፈር ግን ለአሥርተ ዓመታት ማቀዝቀዣ ውስጥ ተረስቶ ኖረ። ሲገኝና ሲታይ የቅጠልና የጭራሮ ቅሪት አለበት። ያ ቦታ ባለፉት አንድ ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ በረዶ አልነበረውም ማለት ነው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፣ የግሪንላንድ በረዶ ዘላለማዊ አለመሆኑ።

በረዶው የያዘው ግን ሙቀትን ብቻ አይደለም፣ የድሮ አየርንም ነው። ፈረንሳዊው ክሎድ ሎሪየስ በ1965 አንታርክቲካ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ከቁፋሮ የወጣ በረዶ ውስኪ ውስጥ ጨምሮ ሲጠጣ፣ ከበረዶው የሚወጡት አረፋዎች ሲፈነዱ አየና የታሰረ የጥንት አየር መሆናቸው ገባው። (ሳይንስ ላብራቶሪ ውስጥ ብቻ ይሠራል ያለው ማን ነው?) ዛሬ በረዶውን አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ይፈጩትና የወጣውን አየር ይመረምሩታል። አንድ ጥንቃቄ አለ። አዲስ የወረደ በረዶ ከላይ ክፍተት ስላለው አየር ይመላለስበታል። አረፋው የሚዘጋው ከ50 እስከ 100 ሜትር ገደማ ወርዶ ሲጠቀጠቅ ነው፣ ስለዚህ አየሩ ከከበበው በረዶ በዕድሜ ያንሳል። በረዶ ጥቂት በሚወርድበት ቦታ ልዩነቱ ብዙ ሺህ ዓመት ይሆናል። ይህን ሳያሰላ ዕድሜ የሚናገር ሰው ይሳሳታል። የእሳተ ገሞራ አሲድና አመድ ደግሞ እንደ ማኅተም ያገለግላል፤ በ1815 የፈነዳው የኢንዶኔዥያው ታምቦራ ግሪንላንድ ላይም አንታርክቲካ ላይም ተመዝግቦ ይገኛል።

በ1983 ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ በተመዘገበበት፣ አንታርክቲካ ላይ ባለው ቮስቶክ በሚባል ጣቢያ የወጣው የበረዶ ዘንግ 420,000 ዓመት ወደ ኋላ ወሰደን። ቀጥሎ ዶም ሲ በሚባለው ቦታ አውሮፓውያን 800,000 ዓመት ደረሱ። በእነዚህ ዘመናት ሁሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአየር ውስጥ ከሚሊዮን እጅ ከ180 እስከ 300 እጅ ባለው መካከል ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። አሁን ከ420 አልፏል። «አየር ንብረት ድሮም ይለዋወጥ ነበር» ለሚል ሰው የምሰጠው መልስ ይሄ ነው። አዎ፣ ይለዋወጥ ነበር፣ መለዋወጡን ያወቅነውም ከዚሁ በረዶ ነው፣ ያው በረዶ ግን የዛሬውን ያህል አላሳየንም። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ከዶም ሲ ብዙም ሳይርቅ ሌላ ቁፋሮ 2,800 ሜትር ወርዶ ቢያንስ 1.2 ሚሊዮን ዓመት የሞላው በረዶ አወጣ። ምርመራው ብዙ ያሳየናል። ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የበረዶ ዘመን የሚፈራረቅበት ጊዜ ከ41,000 ወደ 100,000 ዓመት የተራዘመበት ምክንያት እስከ ዛሬ ያከራክራል። እሱን ዜና ብትከታተሉልን እንዴት ጥሩ ነበር።

ስለ ትዌይትስም ላንሳ። ምዕራብ አንታርክቲካ ያለ ግዙፍ ግግር ነው፣ ጋዜጠኞች የምጽአት ቀን ግግር ብለው ሰይመውት ሰው ያስፈራራሉ። ቢፈርስ ባህሩን ከግማሽ ሜትር በላይ ከፍ ማድረግ ይችላል፣ አዎ። ግን እዚያ ምን እንደተሠራ አትነግሩንም። አሜሪካኖችና እንግሊዞች በሙቅ ውሃ 600 ሜትር ገደማ በረዶ በስተው፣ አይስፊን የምትባል ቀጭን ሮቦት በጉድጓዱ ልከው፣ ግግሩ ከመሬት ተለቅቆ መንሳፈፍ የሚጀምርበትን ቦታ ከሥር ሆነው አዩት። ጠፍጣፋው ክፍል ከተፈራው ቀስ ብሎ ነው የሚቀልጠው። ስንጥቆቹና ደረጃ የመሰሉት ቦታዎች ግን በፍጥነት እየቀለጡ ነው። መልሱ እንዲህ ድብልቅ ነው። ደግሞ ሌላው፣ መርከብ በማይደርስበት ቦታ መለኪያ ጭንቅላታቸው ላይ የተለጠፈላቸው ትልልቅ የባህር እንስሳት፣ ሲሎች፣ በረዶው ሥር እየጠለቁ የውሃውን ሙቀትና ጨው በሳተላይት ይልካሉ። ለሕፃናት ዓምድ እንኳ ይሆናል እኮ ይሄ!

«ለእኛ ምናችን ነው?» ለሚል አንባቢ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ከ17,000 ዓመት በፊት ገደማ ጣና ደርቆ ነበር። የሐይቁን ደለል ቆፍረው ያወጡ ተመራማሪዎች ናቸው ይህን ያሳዩት፤ ጊዜው ደግሞ በሰሜን አትላንቲክ ብዙ በረዶ ከየብስ ተሰብሮ ባህር ውስጥ ከፈሰሰበት ዘመን ጋር ይገጥማል። እዚያ ማዶ ውቅያኖሱ ሲታወክ እዚህ ክረምቱ ደከመ። ሁለተኛ፣ ግሪንላንድ ስትቀልጥ አጠገቧ ያለው ባህር ይወርዳል፤ የበረዶው ክብደት በስበቱ ስቦ ያቆየው ውሃ ስለሚለቀቅ። ውሃው የሚሄደው ወደ ሩቅ ነው፣ እኛ ወዳለንበት ወደ ሞቃቱ ክፍል፣ እዚያም ጭማሪው ከአማካዩ ይበልጣል። ዕቃችን የሚገባው በጅቡቲ ነው። በቃ፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። የአርክቲክ የባህር በረዶ በየዓመቱ ዝቅተኛው ላይ የሚደርሰው በእኛ እንቁጣጣሽ ሰሞን ነው፣ አሜሪካ ኮሎራዶ ያለው የበረዶ መረጃ ማዕከልም ወዲያው ቁጥሩን ያወጣል። ከ1979 ጀምሮ ሳተላይቶች ሳያቋርጡ የሚለኩት ነው፣ ዝቅተኛው የ2012 ሲሆን 3.4 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ዘንድሮም ዜናው መምጣቱ አይቀርም። ስትጽፉት የባህር በረዶ መሆኑን ንገሩን፣ ከ2012ቱና ከረጅም ጊዜ አማካዩ ጋር አስተያዩልን፣ በምን እንደተለካ አንድ መስመር ጨምሩ። ድቡንም ለዚህኛው ብትጠቀሙበት ቅር አይለኝም፣ ቦታው ነው። «ባህሩ ከፍ ይላል» የምትለዋን ግን ከሥሩ አንሱልኝ፤ እሷን ለግሪንላንዱ ዜና አስቀምጧት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊዚክስ አስተማሪ፣ ከአዲስ አበባ